መልስ፦ ያለ ክፍያ እውቀትን ማካፈል ምን ያስገኛል?

ጠያቂያችን፣ «ሰዎች አምስት ሳንቲም ሳያገኙበት በኢንተርኔት እውቀታቸውን የሚያካፍሉት ለምንድን ነው?» ብለዋል። ብዙ ሰው «ለዝና» ይላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፈው ዊኪፔዲያ በጽሑፎቹ አናት ላይ የጸሐፊ ስም ስለማያሰፍር ይህ ምላሽ ብቻውን አያሳምነኝም።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት ዝናብ መትቶት አልነሣ ስለሚል ሞተር፣ ካንዴላውን ፈትቶ ስለማድረቅ የጻፍኩትን አንድ የማላውቀው ሾፌር አንብቦ፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ተነሣልኝ» የሚል አንዲት ቃል ላከልኝ። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ በልማድ ብቻ የምሠራውን ነገር ምክንያቱን በትክክል የተረዳሁት ለሰው ለማስረዳት ስቀመጥ ነበር።

አንዳንዶች ነገሩን ከወንፈል ጋር ያመሳስሉታል። ነገር ግን በወንፈል ዛሬ የሰጠሁትን ጉልበት ነገ ከዚያው ሰው እቀበላለሁ፤ እዚህ የረዳሁት ሰው ብድሩን የሚመልሰው ለሌላ ነው። እኔም የኤሌክትሪክ መስመር ፍተሻ የተማርኩት ስሙን እንኳ ከማላውቀው ሰው ነው።

ክፍያ ቢጨመርበትስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ቁርጥራጮችን በመገጣጠም የሚፈታ እንቆቅልሽ ለመሥራት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በእረፍት ጊዜያቸው ለእንቆቅልሹ የሚሰጡት ትኩረት ቀንሶ ነበር። እኔም ለእያንዳንዱ መልስ ሃያ ብር ቢታሰብልኝ፣ ሾፌሩን ረስቼ ሃያውን ብር ከጋራዥ ገቢዬ ጋር ማወዳደር እጀምር ነበር።