«ደህና ነኝ» ለምትሉ የሕክምና ተማሪዎቻችን

በውጭ አገር ሕክምና ለምታጠኑ ልጆቻችን፣ እዚያው ተወልዳችሁ ላደጋችሁትም ለትምህርት ለተሻገራችሁትም፣ ይህን የምጽፈው መንገዱን ስላለፍኩበት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃሁ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳለ አላውቅም። እናቴ ስትደውል ጉሮሮዬን ጠርጌ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ጥናት በዝቶብኝ ነው» እላለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ አለቅሳለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ድባቴ ነበር። ምልክቶቹን ተምሬ ፈተና ላይ በትክክል መልሻለሁ፣ በራሴ ላይ ግን አላየኋቸውም።

ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ40 በላይ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27 በመቶ ያህሉ ድባቴ ወይም ምልክቶቹ እንዳሉባቸው፣ 11 በመቶ ያህሉም ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደመጣባቸው አሳይቷል። እኔን ያሳዘነኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ የድባቴ ምልክት ከታየባቸው መካከል ለሕክምና የሄዱት 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

የማይሄዱት ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ እንደየሰዉ ይለያያል። እዚያው ያደገው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ዶክተሬ» እየተባለ ስላደገ፣ ቢያቆም የሚያፈርሰው የቤተሰቡን ተስፋ ይመስለዋል። ለትምህርት የተሻገረችው ተማሪ ደግሞ፣ መምህሩ በታማሚ አልጋ ዳር ሲጠይቅ መልሱን ታውቀዋለች፤ በሁለተኛ ቋንቋዋ ዓረፍተ ነገሩን እስክታሰካ ሌላው ይቀድማታል። በወሩ መጨረሻ «ተሳትፎ ይጎድላታል» ተብሎ ይጻፍባታል። ይህ ሲደጋገም በዕውቀቷ ላይ ያላትን እምነት ይበላዋል።

ከሁሉ የምሰማው ግን «አማካሪ ጋ ከሄድኩ ቪዛዬ ይበላሻል» የሚለውን ነው። ለአማካሪ የሚነገር ነገር በሚስጥር ይያዛል፤ ከሚስጥርነት የሚወጣው በዋናነት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። አሜሪካ ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙት፦ ሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በጽሑፍ ካረጋገጠላችሁ፣ በሕመም ምክንያት የትምህርት ጫና መቀነስ፣ ጨርሶ ማረፍም ይቻላል፤ በአንድ የትምህርት ደረጃ ተደምሮ እስከ 12 ወር። ቪዛውን የሚያበላሸው የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው ሠራተኛ ሳይፈቅድ ኮርስ መጣል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ፣ ከዚያ ኮርሱን ጣሉ። ስለ ውጤት የምትሰጉም አላችሁ። በአሜሪካ የኤምዲ (የሕክምና ዶክትሬት) ትምህርት ቤቶች የዕውቅና መመዘኛ መሠረት፣ የሚያክማችሁ ባለሙያ ውጤታችሁን መገምገም አይችልም።

የሌላ ሰው የንቃት ኪኒን እየዋጣችሁ አትደሩ፤ ለራሳችሁም መድኃኒት አትዘዙ። በክፍል የምትማሩትን ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድባቴ መለኪያ መጠይቅ አውጥታችሁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እያሰባችሁ 9ኙን ጥያቄዎች ለራሳችሁ በሐቅ መልሱ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ይጠይቃል፤ መልሳችሁ ከዜሮ፣ ማለትም «በጭራሽ» ከሚለው፣ ከወጣ ፈተናው ይቆይ፣ በዚያው ቀን ሰው ጋ ድረሱ። ስልክ ደውሉ፤ አሜሪካና ካናዳ 988፣ እንግሊዝ 116 123 ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ።

እናንተ ወላጆችም፣ ስትደውሉ «ውጤት ስንት መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» በሉ። «ደክሞኛል» ካለች «በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ብላችሁ አትዝጉባት። እኔን እናቴ አንድ ማታ ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። በማግስቱ ነው የአማካሪውን በር ያንኳኳሁት።