መልስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሱቅ ዕቃ በጭነት ብስክሌት ማመላለስ
ሰላም ወንድሜ። ከገበያ ወደ ሱቅህ ዱቄት፣ ዘይትና ውሃ በብስክሌት ማመላለስ ያዋጣል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ከተማ ውስጥ ከሆነ በደንብ ያዋጣል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ቢሆንም አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ከዳገቱ ይልቅ የሚፈትንህ ንፋሱ ነው።

ዋናው ነገር ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው። ሁለቱን ከኋላ ከፍ አድርገህ ብትደራርብ፣ ገና ስትነሳ መሪው ይቀልልና ብስክሌቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገህ ብታስራቸው ግን ሚዛኑ አይረበሽም። የጭነት ብስክሌት አካሉ ረዘም የሚለውም ለዚሁ ነው፤ ጭነቱ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ግማሽ የሆነ ጀሪካን አትጫን፣ ውሃው ሲናጥ ይጎትትሃል። እኔ ኮብልስቶን ላይ የወደቅኩት በዚሁ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ነበር።

ስትገዛ ከማርሹ ብዛት በፊት ፍሬኑንና የኋላ ቸርኬውን እይ። ቸርኬውን አሽከርክረው፤ የሚወላገድ ከሆነ ተወው። ጎማውንም ስትጭን በደንብ አስነፋው።

በጣርማ በር አድርጌ ደብረ ሲና ልውረድ ያልከውን ግን እባክህ ተወው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ጭጋግ አለ፣ ጣሊያን በሠራው ዋሻ ውስጥም ከባድ መኪና ያልፋል። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይግላል፣ ከዚያ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የዚያን መንገድ ዕቃ አይሱዙ ላይ ጫን።