ክንዴ ለምን ይደነድናል? የፒያኖ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ላይ ፒያኖና ኪቦርድ አስተምራለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የጣት ፍጥነት ይፈልጋል፤ እኔ ግን ከትከሻ ነው የምጀምረው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሃያ ደቂቃ ስጫወት ክንዴ ድንጋይ ይሆናል። ጣቴ ደካማ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ድምፁ ከወጣ በኋላም እየተጫንክ ስለሆነ ነው። የፒያኖ ቁልፍ የሚወርደው 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መዶሻው ከቁልፉ ተላቆ ክሩን ይመታና ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ብትደቁሰውም ድምፁ አይለወጥም። ቁልፉን ለማውረድ 50 ግራም ገደማ ይበቃል፤ የላላ ክንድህ ከዚያ እጅግ ይከብዳል። በአታ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆመህ ካደርክ ታውቀዋለህ፦ በዝማሜ (መቋሚያ እያወዛወዙ ሲዘመር) መቋሚያውን ጨምድዶ የያዘ ሰው እስከ ንጋት አይዘልቅም።

እንዲህ ሞክር። ሌላ ሰው ክንድህን ያንሳና በድንገት ይልቀቀው። አየር ላይ ከቀረ ይዘኸዋል ማለት ነው። ጭንህ ላይ ዱብ እስኪል ድረስ ደጋግመው። ከዚያ በመሐል ጣትህ አንድ ቁልፍ ተጫን፤ ድምፁ ሳይጠፋ የእጅህን አንጓ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብለህ አወዛውዝ። እሺ ካላለህ አሁንም እየገፋህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ብቻ ብትሠራ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ስትቀመጥ እግሯ ይንጠለጠላል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እትዬ። ከእግሯ ሥር ዱካ ያድርጉላት፤ ከመቀመጫዋ ላይ ጋቢ አጥፈው ክርኗን ከቁልፎቹ እኩል ያድርሱ። እግሩ ያላረፈ ልጅ ሚዛኑን በትከሻው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ስኬል በሲ ሜጀር ልጀምር?

መልስ፦ ስኬል ድምፆችን በተርታ መውጣትና መውረድ ነው፤ ሲ ሜጀር ደግሞ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ይነካል። ለኖታ ንባብ አዎ፣ ለእጅ ግን አይመችም። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ተማሪዎቹን አምስቱንም ጥቁር ቁልፎች በሚነካው በቢ ሜጀር ያስጀምር ነበር፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ስለሚያርፉ አውራ ጣት ሳይጨነቅ ከሥር ያልፋል። እኛማ የራሳችን በር አለን፦ ከኤፍ ሻርፕ (ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች በስተግራ ካለው) ጀምረህ ወደ ቀኝ ጥቁሮቹን ብቻ ብትነካ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ጆሮህ ዜማውን ስለሚያውቀው ሐሳብህን ሁሉ ለእጅህ ትሰጣለህ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ቀላል ኪቦርድ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦ ትከሻ ለማላላት ይበቃሻል። የክንድን ክብደት ለመልመድ ግን አልፎ አልፎም ቢሆን ቁልፉ የሚከብድ ፒያኖ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እያመመኝ ልቀጥል?

መልስ፦ በፍጹም። ድካም ሲያርፉ ይለቃል። ሕመሙ ካደረ ወይም ጣትህ ከደነዘዘ ፒያኖውን ዘግተህ ሐኪም ጋ ሂድ።