ከፒስ ኮር ተመልሳ ስለ ፌካ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ እንኳን በሰላም ገባሽ። ፒስ ኮር ማለት የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ውጭ አገር የሚልክበት ድርጅት ነው፣ አንቺም ዛምቢያ አገልግለሽ ጨርሰሽ ወገብሽን እያመመሽ ነው የመጣሽው፣ ኢንሹራንሱም ሊያልቅብሽ ነው፣ "ለመሆኑ ፌካን ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው አለ ወይ" ብለሻል። እኔም ማላዊ አገልግዬ ጉልበቴን ተጎድቼ ስለተመለስኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ፌካ በፈረንጅ ከ1916 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ የፌደራል ሠራተኞች የጉዳት ካሳ ሕግ ነው፣ እኛ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞችም እንሸፈናለን። የሚወስነው ግን ፒስ ኮር ሳይሆን ሌበር ዲፓርትመንት (የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ነው፣ ሌበር የከፈለውን ፒስ ኮር በኋላ ከባጀቱ ይተካል፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ደግሞ አይዞሽ፣ ውጭ እያለሽ ያገኘሽ ጉዳት ወይ በሽታ ከሥራው እንደመጣ ነው የሚቆጠረው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆንም፣ ከመሄድሽ በፊት የነበረ ወይ በመጠጥ ወይ ሆን ተብሎ የመጣ ካልሆነ በቀር።

ቁጥጥሩ ጋ ስንመጣ፣ ጂኤኦ የሚባለው የኮንግረስ መርማሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ 2012 ይሄንኑ ጉዳይ አይቶት ነበር። ከ2009 እስከ 2011 ለቀድሞ በጎ ፈቃደኞች ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፣ ወደ 22 ሚሊዮኑ ለሕክምና ነው፣ ግን ሰዎቹ ሐኪም በጊዜ አግኝተዋል ወይ፣ ሕክምናውስ ደህና ነው ወይ የሚለውን ፒስ ኮርም ሌበርም በቅጡ እየተከታተሉ አልነበረም፣ ስለዚህ ተቀናጅታችሁ ተከታተሉ ብሎ አሳሰባቸው። ለኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው ምክንያቱም ወረቀት ላይ ተፈቀደልሽ ማለት ታከምሽ ማለት አይደለም። እኔ ኬዜ አፕሩቭ ሆኖ እያለ አንድ ክሊኒክ ፌካ አንቀበልም አለኝ፣ ሌላው ተቀብሎ አክሞኝ ቢሉን ለኔው ላከው፣ በጣም ነው ያመመኝ፣ አገር ለማገልገል ሄዶ የታመመ ሰው ሐኪም ለመለመን መዞር የለበትም። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ በፌካ ታክማላችሁ ወይ ብለሽ አረጋግጪ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ።

ክሌሙን (የካሳ ጥያቄውን) አታቆዪው፣ ሕጉ 3 ዓመት ይሰጣል ግን ማስረጃ ቶሎ ይጠፋል። ባንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ ከሆነ ሲኤ-1 የሚባለውን ፎርም፣ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ሲኤ-2ን ነው የምትሞይው። ፒስ ኮር ውስጥ ፖስት ሰርቪስ የሚባል ክፍል አለ እነሱ ይረዱሻል፣ እዛ የታከምሽበትን ፋይልም ጠይቂያቸው። ሐኪምሽ ደግሞ "ወገቧን ያማታል" ብሎ ብቻ እንዳይጽፍልሽ፣ ሕመሙ እዛ ከደረሰብሽ ነገር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ምክንያቱን ያስረዳ። መሥራት ካቃተሽ የደሞዝ ካሳም አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ተወስዶ ሁለት ሦስተኛው ይሰላል፣ የምታስተዳድሪው ቤተሰብ ካለ ሦስት አራተኛው።

ነገሩ ከተጓተተብሽ ለሰፈርሽ ኮንግረስማን ቢሮ ጻፊ። ኬዝወርከር (የሰው ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ) አላቸው፣ ፈቃድሽን በፊርማ ከሰጠሻቸው ሌበርን በቀጥታ ይጠይቁልሻል፣ ነፃ ነው። ኬዝ ነምበርሽ ሲወጣ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።