የቱ ያዋጣል ለምትሉኝ

ሰሞኑን አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ጻፈችልኝ። ማስተርሷን ልትጀምር ነው። «ጋሼ፣ ሱፐርኮንዳክተር ላይ ብሠራ ይሻለኛል ወይስ እንደ አንጎል የሚሠሩ ቺፖች ላይ? የቱ ያዋጣል?» ትለኛለች። ጥሩ አማካሪ ያለበት ያዋጣል ብዬ በአንድ መስመር መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም በ1987 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር።

ያኔ አሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። የምሠራው ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ ላይ ነው። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሞሪን የተባለ ሰው በ1959 ጠባዩን ያወቀበት ነገር ነው። እንዲሁ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ በቅጡ አያሳልፍም። 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ግን ድንገት እንደ ብረት ያሳልፋል። በጥሩ ናሙና ላይ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚይዘው ነገር) በሺዎች እጥፍ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝና መለካት ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ሲሞቅ የሚሄድበት መስመር ሌላ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስበት ሌላ። ሂስተሬሲስ ይባላል። ከድሬዳዋና ከደብረ ብርሃን የመጡ ሁለት ሰዎችን አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ አስቀምጧቸው። አንዱ ጃኬት ፍለጋ ሲሄድ ሌላው ያወልቃል። ቴርሞሜትሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ናሙናዬም እንደዚያው ነው፤ 65 ዲግሪ ላይ ያሳልፍ እንደሆነ ለማወቅ ከየት በኩል እንደመጣ መጠየቅ አለባችሁ። ግማሽ መንገድ አሙቄ ስመልሰው ደግሞ በሁለቱ መስመሮች መሀል ሌላ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። እሱን ስከታተል ደብተሬን ሞላሁት። ለአማካሪዬ ግን ይኼ ሁሉ ጣጣ ነበር። የሚፈልገው ማብሪያ ማጥፊያ ነዋ። ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ትናንት ምን እንደሆነ ማስታወስ የለበትም።

በዚህ መሀል የሱፐርኮንዳክተሩ ግርግር መጣ። ሱፐርኮንዳክተር ማለት ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነ ነገር ነው። ትንሽ አይደለም፣ ዜሮ። ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ላይደን ላይ ሜርኩሪን ሲያቀዘቅዝ ካገኘው ጀምሮ ዋናው ጣጣ ብርዱ ነው። 4 ኬልቪን አካባቢ (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው)፣ ለዚያውም በውድ ፈሳሽ ሂሊየም። በ1986 ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ላብራቶሪ ቤድኖርዝና ሙለር መዳብ ያለበት ሴራሚክ ይዘው ወደ 30 ኬልቪን አሻገሩት። በ1987 መጀመሪያ ደግሞ የሂውስተኑ ፖል ቹና የአላባማው ማው-ኩን ዉ 93 ኬልቪን አካባቢ አደረሱት። ፈሳሽ ናይትሮጂን 77 ኬልቪን ላይ ስለሚፈላ በቃ፣ ሂሊየም ቀረ። የናይትሮጂንን ዋጋ ለሚያውቅ ይኼ ሎተሪ ነው።

ማርች 18 ማታ ኒው ዮርክ ሂልተን ሆቴል ውስጥ ይህንኑ ለመስማት የፊዚክስ ሰው አዳራሹን ሞልቶ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አመሸ። አማካሪዬም የላብ ጓደኞቼም ሄዱ። ምድጃ የሚጠብቅ ሰው ስላስፈለገ እኔ ቀረሁ። የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ዱቄት በሙቀጫ አልመን ከ900 ዲግሪ በላይ እንጋግራለን። ከዚያ ኦክሲጅን ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጥቁር ከወጣ ሱፐርኮንዳክተር ነውና እሰየው። አረንጓዴ ከወጣ እንደገና ይወቀጣል። ምን እንደምሠራ ለእናቴ ብጽፍላት «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ሙቀጫ ትወቅጣለህ?» የሚል መልስ መጣልኝ። ጽሑፉ የእህቴ ነው፣ ሳቁ የእናቴ።

ከኒው ዮርክ ሲመለሱ አማካሪዬ ኮቱን ሳያወልቅ «ቫናዲየሙን ትቀጥላለህ ወይስ ከእኛ ጋር ትመጣለህ?» አለኝ። ሄድኩ። ደብተሩ መሳቢያ ገባ። ስህተት ነበር አልልም። ማግኔት ጭስ በሚመስል ተን መሀል ከዚያ ዱቄት በተጋገረ ጥቁር ክኒን ላይ ተንሳፎ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያንን አይቶ ወደ ቫናዲየም የሚመለስ ወጣት ቢገኝ ልቡ ይመርመር። ዲግሪዬም ሥራዬም ከዚያ ክኒን ነው የተገኙት። ክኒኑ ግን የተወራለትን ያህል አልቸኮለም። ሴራሚክ ስለሆነ ይሰባበራል፤ ሽቦ ለማድረግ ብዙ ዓመት ፈጀ። ለውህደት ኃይል (አተሞችን በማዋሃድ ኃይል የማግኘት) ምርምር የሚሆን ትልቅ ማግኔት ከዚህ የሴራሚክ ቤተሰብ ተሠርቶ 20 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የደረሰው በ2021 ነው። የሆስፒታል ኤምአርአይ ዛሬም በአብዛኛው የድሮውን ሱፐርኮንዳክተር፣ ኒዮቢየም-ቲታኒየምን፣ በሂሊየም እያቀዘቀዘ ነው የሚሠራው።

መሳቢያ የገባው ደብተር ግን ይቆጨኛል። ኮምፒውተር ማስታወሻው አንድ ቦታ፣ ስሌቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ኃይል የሚበላው በአብዛኛው በሁለቱ መሀል ያለው ምልልስ ነው። አንጎል ሁለቱንም እዚያው ይሠራል፤ 20 ዋት ገደማ ይበቃዋል። እኔ ሙቀጫ ስወቅጥ ካልቴክ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ካርቨር ሚድ የተባለ ምሁር ይህንኑ እያለ ነበር። ዛሬ ነርቭን በሶፍትዌር ከማስመሰል ራሱ እንደ ነርቭ የሚሠራ ቁስ ይፈለጋል። ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ አንዱ ነው። ትንሽ ቁራጭ ላይ ቮልቴጅ ስትጨምሩ ከውስጥ ትሞቃለች፣ ገደቧን ስታልፍ ትቀየራለች፣ አጠገቧ ያለው ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይራገፋል፣ ቀዝቅዛ ትመለሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ነርቭ እንደሚተኩሰው ማለት ነው። ያ ጣጣ የተባለው ሂስተሬሲስ ዛሬ ማስታወሻ ተብሎ ይፈለጋል። ኮንፈረንስ ላይ የእኔን ደብተር የመሰለ ሥዕል ስክሪን ላይ ሲወጣ ቡና ልጠጣ ብዬ የወጣሁበት ጊዜ አለ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ከእኛ ትብሳላችሁ። ከመስመር የወጣ ነጥብ ስታዩ ሶፍትዌሩ ይጠርገው ትላላችሁ። በ2023 ከኮሪያ ኤልኬ-99 የሚባል ነገር በክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ነው ሲባል ስልኬ በቪዲዮ ተጨናነቀ፤ ያገሬ ልጅ ሁሉ በአንድ ሌሊት ኤክስፐርት ሆነ። በሳምንታት ውስጥ የሬዚስታንሱ መውረድ የመጣው ናሙናው ውስጥ ከተደባለቀ መዳብ ሰልፋይድ መሆኑ ታወቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን ሳይ ነበር።

«እዚህ ላብ የለም» ለሚሉኝም ልበል። ፈሳሽ ናይትሮጂን አገር ቤት አለ፤ ለላም ማዳቀያ የሚሆነው የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በእሱ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ መጥቼ በዚያው ናይትሮጂን ለተማሪዎች ማግኔት አንሳፈናል። ቫናዲየሙ ደግሞ ብርድ እንኳ አይፈልግም። ናሙናው ከተገኘ ትንሽ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትርና መልቲሜትር ይበቃል።

ያኔ አብሮኝ ሙቀጫ የወቀጠ ጓደኛዬ አሁንም ይደውላል። በቁጭቴ ይስቃል። «ያኔ እንደ ዛሬው ቀጭን የቫናዲየም ሽፋን (ፊልም) መሥራት አትችልም፤ ብትቀጥልም ደብተር ሞልተህ ትቀር ነበር» ይለኛል። ሳይሆን አይቀርም። የምንጣላው ግን በሌላ ነው። ቫናዲየም ዳይኦክሳይዱ ሲሞቅ ለምን ይቀየራል? አተሞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለሚጠጋጉ ነው ወይስ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ? ሁለቱም እንዳሉበት የሚያሳዩ ሙከራዎች ሞልተዋል፤ የትኛው ይቀድማል የሚለው ግን ከሞሪን ጊዜ ጀምሮ ያከራክራል። እሱ አተሞቹ ናቸው ይላል። እኔ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው እላለሁ፤ እስካሁን አላሳመነኝም።