መልስ፦ የሙዚቃ ሸክላው ላይ ክብደት ስጭን የማጫወቻው ፍጥነት ይቀንሳል ወይ?
ወንድሜ 300 ግራም ክብደት ብጭንበት ቤልት ድራይቩ (ሞተሩ በቀበቶ የሚያዞረው ማጫወቻ) ይዘገያል ወይ ላልከው፣ ማጫወቻው ደህና ከሆነ አንዴ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ አይዘገይም። ክብደቱ የሚቀመጠው መሀል ላይ ስለሆነ ለማሽከርከር ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን 1.5 ኪሎ ቢሆን ክብደቱ የሚጨምረው ኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን የመቋቋም ባህርይ) 2 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ሲነሳ ምናልባት ትንሽ ይጎተት ይሆናል እንጂ በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚለውን ፍጥነት አያወርደውም። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ያለ ዳይሬክት ድራይቭማ (ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቤልት በቀጥታ የሚያዞረው) ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኳርትዝ ራሱ እያስተካከለው ስለሚሄድ ጭራሽ አታስብ።

ችግሩ ያለው ሳህናቸው ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ማጫወቻዎች ጋ ነው፣ ሊን ኤልፒ12 ወይ ቶረንስ ቲዲ 160 ዓይነቶቹ፣ ክብደቱ ሳህኑን ወደ ታች ሲጫነው ቤልቱ ከመስመሩ ይወጣና ድምፁ መዋዠቅ ይጀምራል። እነሱ ላይ እባክህ ክብደት አትጫን፣ መሀል ዘንጉን ቆንጥጦ የሚይዝ ቀለል ያለ ክላምፕ ይሻላል። ቤልቱ ካረጀ ወይ ዘንጉ የሚዞርበት የቤሪንጉ ዘይት ከደረቀ ደግሞ ክብደቱ ያባብሰዋል፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

ማረጋገጥ ከፈለግክ የ50 ኸርዝ ስትሮብ ዲስክ (በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሚርገበገብ መብራት ሥር ፍጥነት የሚለካበት ባለ መስመር ዲስክ) አድርገህ፣ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ፣ ክብደቱን አንዴ ጭነህ አንዴ አንስተህ እየው፣ መስመሮቹ ቆመው ከታዩህ ፍጥነቱ ልክ ነው።