ሆቴል ስትገቡ ስለሚጠየቀው መታወቂያ ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ

ዘጠኝ ዓመት ሪሴፕሽን ላይ ቆሜያለሁ፣ አብዛኛውን የማታ ተረኛ ሆኜ። የገረማችሁን ጠይቁ። ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መታወቂያ ማሳየት ሌላ፣ ትቶ መሄድ ሌላ።

ሚሚ፦ ጋሼ ገንዘቤን ከፍዬ ለምን ማንነቴን ይጠይቁኛል?

መልስ፦ ብዙ አገር ህግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ፣ የውጭ ዜጋ ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ መታወቂያውን ማሳየት አለበት። ጣሊያን ሆቴሉ የእንግዶቹን ስም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ይልካል። ጀርመን ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለራሷ ዜጎች ቅጹን አስቀርታለች፣ ለውጭ ሰው ግን አለ።

ተጓዡ፦ ፓስፖርቱ እስክትወጣ እኛ ጋ ይቀመጥ ቢሉኝስ?

መልስ፦ አትስጥ። መያዣ ከፈለጉ ገንዘብ ይያዙ።

ኬቢ፦ ኮፒ ማድረጉስ?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ መጣ። ጃፓን እዛ አድራሻ የሌለው የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱ ኮፒ ይደረጋል፣ ስፔን ግን የመረጃ ጥበቃ መስሪያ ቤቱ ሆቴሎች ኮፒ መውሰድ የለባቸውም ብሏል፣ አይቶ መመዝገብ ይበቃል ነው የሚለው፣ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ምክንያቱም ኮፒው የት እንደሚገባ አይቻለሁ። እኔ የሰራሁበት ቤት ክላሰሩ ባንኮኒ ስር ነበር፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ማታ የፕሪንተር ወረቀት አልቆብን ልጁ ከክላሰሩ አንድ ኮፒ መዝዞ በጀርባው የእንግዳ ሂሳብ አትሞ ሰጠ። ሰውዬው ወረቀቱን ገልበጥ ሲያደርገው የማያውቃት ሴትዮ ፎቶ፣ ከነፓስፖርት ቁጥሯ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነማ ይብሳል፣ ትልቁ የሆቴል ኩባንያ ማሪዮት በ2018 ይፋ ባደረገው ጠለፋ ከ5 ሚሊዮን በላይ ፓስፖርት ቁጥር ሳይመሰጠር የተቀመጠ ነበር። የግድ ኮፒ ከሆነ ቀኑንና «ለዚህ ሆቴል ብቻ» የሚለውን ኮፒው ላይ አግድም ጻፉበት። የሆላንድ መንግስት ለዚሁ ብሎ አፕ ሰርቷል።

ቤቲ፦ ቼክ ኢን እንዲፈጥን ፎቶውን በዋትስአፕ ላኪ አሉኝ።

መልስ፦ አትላኪ። ስልኩ ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ሳይሆን ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ነው፣ ስራ ሲለቅ ጋለሪውን ይዞ ነው የሚለቀው።

ሳሚ፦ በር መክፈቻው ካርድ ውስጥ የባንክ ካርዳችን ቁጥር ሳይቀር አለ ይባላል።

ኬቢ፦ የድሮ ወሬ ነው ባክህ።

ሳሚ፦ የአጎቴ ልጅ አይቲ ነው፣ እሱ ነው የነገረኝ።

ኬቢ፦ የአጎትህ ልጅ በር ሰርቶ ያውቃል?

መልስ፦ ልጆች! ካርዱ ላይ በተለምዶ የበሩ ኮድና የምትወጡበት ቀን ነው ያለው። በቃ። ይልቅ ሰልፍ ፊት «312 ነው ክፍልዎ» ብሎ የሚጮህ ሪሴፕሽን ያስፈራችሁ። ቁጥሩን በወረቀት ጻፉልኝ በሉ።

ናቲ፦ ሆቴል ሴፍ ነው?

መልስ፦ የቱ ሆቴል? ምኑ? አስተካክለህ ጠይቅ።

ዳኒ፦ ባለቤቴ ደውላ እዛ አለ ወይ ብትል ይነግሯታል?

መልስ፦ የሰለጠነ ሰው ከሆነ የክፍል ቁጥር አይናገርም፣ ስልኩን ያገናኛል እንጂ። ለምን እንደጠየቅክ አልጠይቅህም።

ሳሚ፦ ዳኒ ተያዝክ ሃሃሃ

ሄለን፦ ፖሊስ መጥቶ መዝገቡን አምጡ ቢልስ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ፖሊስ በፈለገ ሰዓት መዝገብ እንዲያይ የሚያዝ የከተማ ህግ ነበራት፣ እምቢ ያለ ባለሆቴል ይታሰራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ሻረው፣ ባለሆቴሉ ከመቀጣቱ በፊት ጉዳዩን ገለልተኛ ወገን እንዲያይለት እድል ማግኘት አለበት ብሎ። ልብ በይ፣ መብቱ የተሰጠው ለባለሆቴሉ ነው፣ ለእንግዳው አይደለም።

ዮኒ፦ ሰላም ጋሼ፣ የፓስፖርቴን ፎቶ በቴሌግራም ብልክላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ዮኒ፣ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ። ቤቲን ምን አልኳት? እኔ ልተኛ ነው።

ሳሚ፦ ጋሼ ካርዱን ግን እርግጠኛ ነህ?